ያደረ አቤት

የአቶ እንድሪስ ሙሄ ቤት በዚያ ሳምንት ሲጠራ አቤት ማለቱን ተወ። የበሩ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ዞረ። ሰፈሩ አየ፣ እንዳላየም ሆኖ አለፈ። ቢጫ የበራበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰላምታ የሚያረዝም ሰው ደሴ ውስጥ ከጠፋ ቆይቷል።

ልጃቸው ሉባባ ጣራው ላይ ነበረች። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ዲሹን እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎበታል፤ እሷ በሻሿ ጫፍ ትወለውለዋለች። ጉም በጨርቅ እንደማይነሳ ታውቃለች። ግን ደክሟታል፤ የደከመው ሰው ባይጠቅመውም እጁ የለመደውን ይሠራል።

«አንቺ ልጅ! ዛሬም ጉም ታጥቢያለሽ?» አሉ እትዬ የሺ ከታች፣ ከበርጩማቸው ላይ ቀና ብለው።

«አጥቤ ላሰጣው ነው። ሲደርቅ ለእርስዎ ቀሚስ ይወጣዋል።»

«ለእኔስ ቤት ያውጣልኝ።»

ሉባባ ሻሿን ጨምቃ ወደ ዲሹ ዞረች።

እትዬ የሺ ጎረቤት ናቸው። ቤታቸው ከግንቡ ማዶ፣ በታችኛው መንገድ በኩል ነው፤ እሳቸው የሚኖሩት ግን ከግንቡ ወዲህ፣ በእንድሪስ ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ ቤታቸው «አልመለሰም» ተብሎ ቢጫ በራበት፣ ቀጥሎ ቀይ። ቀይ ሲበራ በሩ ራሱን ይቆልፋል፣ ውሃውም ራሱን ይዘጋል። ያን ዕለት እትዬ የሺ ሽንኩርት ሊገዙ ወጥተው ነበር። ተመልሰው ሽንኩርቱን እንደያዙ በገዛ በራቸው ላይ ቆሙ፤ በሩ አላወቃቸውም። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት በርጩማቸውን ከግንቡ ሥር አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮታቸው አዙረው ይቀመጣሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የሳጥኑ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ያጠፋው የለም። ቤቱን ባዶ ብሎ የዘጋው ክፍልና መብራት የሚያጠፋው ክፍል የተለያዩ ናቸው።

ባዶ የተባለ ቤት ለሌላ ሰው ዕጣ ይወጣበታል። የእትዬ የሺ ቤት ዕጣ ዓርብ ነው።

ድሮ፣ የሉባባ አባት ጎረምሳ በነበሩበት ዘመን፣ ሰው ጉዳይ ይዞ መስሪያ ቤት ሲሄድ «ሲስተም የለም» ይባልና ይመለስ ነበር። በኋላ ብልሃት ተገኘ። ሲስተሙ ተቆራርሶ ለየቤቱ ታደለ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሳጥን ተቀበለ፤ የቤተሰቡ ገጽ፣ ማን እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን መንገድ እንደሄደ፣ በዚያ ውስጥ ተቀመጠ። ወረቀት ላይ ስሙ የቤት ሰርቨር ነው። ጥሪ ቤት የሚባለው ጽሕፈት ቤት ጧት፣ ቀትርና ማታ እያንዳንዱን ቤት ይጠራል፤ ሳጥኑ በአባወራው ወይም በእማወራዋ ድምፅ «አቤት» ብሎ ገጹን ይልካል። የመለሰ ቤት ሰው አለው። ያልመለሰ የለውም። ዛሬ ሲስተም የለም የሚል መስሪያ ቤት የለም። የለም የሚባለው ሰውየው ነው።

ሉባባ ጥፋቱን በመስመሩ ላይ ጣለችው። ማንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መስመሩ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም እንደ ሳል ይቆራረጣል። ገመዱን ቀየረች። ዲሹን ወደ ሐይቅ መንገድ አዞረችው፣ ወደ ኮምቦልቻ አዞረችው፣ መልሳ ወደነበረበት። ሳጥኑን አጠፋች፣ አበራች። ሳጥኑ ሞቆት ይሆናል ብላ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ መሶብ ክዳን ላይ አስቀመጠችው። ከግቢው ሆና በስልኳ ስትጠራው ወዲያው ይመልሳል፤ በአባቷ ድምፅ፣ ጎላና ረጋ ብሎ፣ «አቤት» ይላታል። ከውጭ ሲጠራ ግን ቤቱ የለም። ለሷ አለ፣ ለሀገሩ የለም።

በመጨረሻ የሳጥኑን ውስጠኛ ገጽ ከፍታ የሚታየውን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ኃይሉ ደህና። ማኅደሩ ደህና። ድምፁ ደህና። ሰዓቱንም አየች፤ ከአባቷ የእጅ ሰዓት ጋር አስተያየችው። አይዛነፍም። አለፈችው።

ይህን ሙያ ያስተማራት የለም፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች። ማን አሳየሽ ሲሏት «የተበላሸ ነገር» ትላለች። ጥሪ ቤት የሚጥላቸውን አሮጌ ሳጥኖች ከቆሻሻ ገንዳ እያወጣች፣ እየፈታች፣ የገጣጠመችው ሲበላሽባት እየተሳደበች ነው የተማረችው። ኩራቷ ከዚያ ይሁን ከማሕፀን የሚያውቅ የለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስሟ ሲጠራ አቤት ብላ አታውቅም። «ምን?» ነው የምትለው። እናቷ በሕይወት ሳሉ ቆንጥጠዋታል፣ አባቷ መክረዋታል፣ አስተማሪ በጉልበቷ አንበርክኳታል። «ምን?» ብላ አደገች። አሁን ቤታቸው አቤት አላለም ተብሎ ሊወሰድ ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች የልጅቱ ጠባይ ወደ ቤቱ ተጋብቶ ነው ብለው ይስቃሉ። ሲስቁ ግን የየራሳቸውን በር መብራት በዓይናቸው እየፈለጉ ነው።

ከቀትር በኋላ የጥሪ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። አብነት ይባላል። ከሉባባ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የነካው፣ የየቤቱን መልስ የሚያሳየውን ሰሌዳ እንደ ሕፃን በደረቱ አቅፎ ዳገት ለዳገት የሚውል ሰው ነው።

«ሉባባ!» አለ ከበሩ ላይ።

«ምን?»

«ዛሬም አቤት የለም?»

«ቤቱ ይበቃል። እሱም ሲል አትሰሙም።»

እንድሪስ በረንዳው ላይ ጉሙን አልፋ የመጣችውን ትንሽ ፀሐይ ይዘው የእጅ ሰዓታቸውን ይሞላሉ። በጣት የሚጠመዘዝ ሰዓት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመናኸሪያው ስምሪት ክፍል ሠርተዋል፤ አውቶቡስ ሁሉ እሳቸው እጃቸውን አንሥተው ሰዓታቸውን ካላዩ አይነቃነቅም ነበር። አውቶቡሶቹ ራሳቸውን ማሰማራት ከጀመሩ ወዲህ ቤት ገብተዋል። ሰዓቱን መሙላት ግን አልተዉም።

«እንዴት ዋሉ፣ ጋሽ እንድሪስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ግባ ልጄ፣ ቁጭ በል። ዳገቱ ገደለህ አይደል? ውሃ ላምጣልህ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

አብነት ተቀመጠና ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አነጠፈ። «የመስመር ችግር አይደለም፣ ሉባባ። መልሳችሁ ይደርሳል።»

«ይደርሳል? ታዲያ ቢጫው ምንድን ነው?»

«የደረሰው መልስ ያደረ ነው ይላል።»

«ያደረ? ወጥ ነው እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ሰሌዳው ነው። ሰዎች የሞተ አባታቸውን ድምፅ ቀድተው እያስቀመጡ ባዶ ቤት ሲያስመልሱ ተያዙ። ስለዚህ መልሱ ትኩስ መሆን አለበት፤ ስትጠሩ የተባለ። ከክረምቱ በኋላ ከታች መንገድ ጀምረን ቤት ለቤት እየፈተሽን ነው፣ አሁን እናንተ ጋ ደረስን። የናንተ የትናንት የቀትር መልስ ንጋት ላይ የተባለ ነው። ሳትጠሩ አቤት ብላችሁ አስቀምጣችኋል።»

ሉባባ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ሳልጠራ አቤት? እኔ? እኔ ተጠርቼም አልልም!»

«እሱንማ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።»

«አባቴ አሁን ከዚህ ተነሥቶ ነው የገባው። አይተኸዋል። ቅጂ ነው?»

«እኔማ አያቸዋለሁ» አለ አብነት፣ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሣ። «ሰሌዳው ግን እኔ የማየውን የምጽፍበት ቦታ የለውም። ቤቱ የመለሰውን ነው የሚያሳየኝ።»

«ስማ፤ በሒሳብ ፈተና ከእኔ ስትኮርጅ የኖርክ ልጅ ዛሬ አባቴን ቅጂ ትለዋለህ?»

አብነት ሳቀ። ዳገት የሰለቸው ሰው ሳቅ ነበር። «ኮርጄ ያለፍኩ መሰለሽ? ወድቄ ነው እዚህ የደረስኩት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳጥኑን ማን ነክቶታል?»

«እኔ። ሌላ ማን አለ?»

«ደግ። የራስን መንካት ይፈቀዳል። የሌላ ቤት ሳጥን የነካ ሰው ግን የራሱን ቤት ያጣል፤ ሳጥኔን ሌላ ሰው ነክቶብኛል ያለ ቤትም ፍተሻው እንደገና ይታይለታል። አዲስ መመሪያ ነው። እወቂው ብዬ ነው።» ተነሣ። «የነገው ቀትር የመጨረሻው ነው። ነገም ያደረ ከሆነ ቀይ ይበራል። እኔ አልዘጋም፣ ራሱ ነው የሚዘጋው።»

«አይ፣ አንተማ እጅህ ንጹሕ ነው።»

አብነት ቅር አላለውም። እንድሪስ በመስኮቱ በኩል ያቀበሉትን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠጣ፣ ብርጭቆውን ሁለት እጁን ዘርግቶ መለሰ፣ አመሰገነ፣ ወደሚቀጥለው ዳገት ሄደ።

በማግሥቱ ጧት ጉሙ ተገፈፈ። ዲሹ ደረቅ ነበር፣ መስመሩም መጥቷል፤ ሉባባ የምትረግመው ነገር አጣች። ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ አገጯን በእጇ ደግፋ ሳጥኑን ታየዋለች። ያደረ የሚለው ቃል እንደ ጥርስ ውስጥ ሥጋ አላስቀምጣት ብሏል። ንጋት ላይ አቤት የሚል ማን አለ? ንጋት ላይ እዚህ ቤት የሚነቃው አባቷ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ሲነቁ የሚነጋገሩት ከፈጣሪያቸው ጋር ነው።

እንድሪስ መጥተው ከራሷ በላይ ቆሙ፤ ሰዓታቸውን ከሳጥኑ አስተያዩ።

«አምስት ሰዓት ተኩል። ይኸው፣ አምስት ተኩል ይላል። አንዲት ደቂቃ አልጎደለችም» አሉ ደስ ብሏቸው። «እኔ ነኝ የሞላሁት።»

«መቼ?»

«አንቺ ለሥራ ኮምቦልቻ ሳለሽ ነዋ። ክረምቱን መስመር ጠፍቶ አልከረመም? መብራቱም እንደዚያው። ያኔ የሰፈሩ ሳጥን ሁሉ ባትሪው አልቆ ተኝቶ ነበር። ሲነቃ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አጣርቼ «ሦስት ሰዓት» አልኩት።»

ሉባባ አገጯን ከእጇ ላይ አላነሣችም። ዓይኗ ግን ከሳጥኑ ወደ አባቷ እጅ፣ ከአባቷ እጅ ወደ ሳጥኑ ሄደ። አምስት። አምስት። ልክ ነበር። ልክ መሆን አልነበረበትም።

ሳጥኑ የዚህ ሀገር ሰው አይደለም። ቀኑን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ሳይሆን ሰው ሁሉ በተኛበት እኩለ ሌሊት ነው፤ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አባቷ በጠራራ ፀሐይ «ሦስት ሰዓት» ሲሉት የጅብ ሰዓት ነው ብሎ ተቀበለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ቤት ከሀገሩ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይኖራል። ቀትር ላይ ሲጠራ ንጋት ላይ ነኝ ብሎ ይመልሳል። ደህና መስመር ያለው ሰው ሳጥን ትክክለኛውን ሰዓት ከሩቅ ተቀብሎ ስህተቱን ራሱ ያርማል ይባላል። የነሱ መስመር አንዲት አቤት ተሸክሞ ከወጣም ትልቅ ነገር ነው።

እሷስ? አይታው ነበር። በገዛ ዓይኗ አይታ፣ ከአባቷ ሰዓት ጋር አስተያይታ፣ ልክ ነው ብላ ያለፈችው እሷ ናት። የተበላሸ ነገር ሁሉ አስተማሪዋ ነበር፤ ይኼኛው ግን ደህና መስሎ ተቀምጦ አሞኛት። ሌላ ቀን ቢሆን ራሷን በስድብ ታወርደው ነበር። አሁን ለዚያም አቅም አልነበራትም።

እንድሪስ ገና ወጋቸውን አልጨረሱም። «የሰፈሩ ሰው ያኔ ሰዓቱን ከየት ያምጣው? ስልኩ ሞቷል፣ ሁሉም ግምት ነው። የእኔ ናት ያልቆመችው። የየሺን ሞላሁላት። የያሲንን ሞላሁለት፣ ልብስ ሰፊውን። የመምህርት አስካለን፣ ያቺ ደግሞ «ጋሽ እንድሪስ፣ እርስዎ ባይኖሩ» ብላ ቡና ካልጠጡ አለችኝ። እስከ ታች አዳረስኩት ወላሂ። የመናኸሪያ ሥራ መሰለኝ።»

እያንዳንዱን ስም ሲጠሩ ሉባባ አንድ ቀይ መብራት ታያለች። የሺ። ያሲን፤ የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ሐይቅ ከተማ እህቱ ዘንድ የሄደው። አስካለ፤ የት እንደገቡ የማይታወቀው።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ አባቷ። «ዝም ስትዪ አልለመድኩም።»

«አመመኝ ትንሽ።»

«ፀሐይ ላይ ውጪ።»

ወጣች።

እትዬ የሺ በርጩማቸው ላይ ናቸው፣ ፊታቸው ወደ መስኮቱ። ሉባባ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለችና ነገሩን በአጭሩ ነገረቻቸው። 

«እንግዲህ ቤቴ አቤት እያለ ነበር?»

«አንድም ቀን አልቀረም።»

«አሁንም?»

«አሁንም። መጥራቱን የተወ የለም፣ እሱም መመለሱን አልተወም።»

እትዬ የሺ ወደ መስኮቱ አዩ። «እኔ ደግሞ ዝም ብሎ አሳልፎ ሰጠኝ ብዬ ተቀይሜው።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ፤ ከዚያ ድንገት ወደ ሉባባ ዞሩ። «ለእንድሪስ እንዳትነግሪው።»

«እትዬ የሺ፣ ዕጣው እኮ ዓርብ ነው።»

«ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ ይባላል? ሰዓቱን የሞላው እሱ መሆኑ ካልተነገረ የእርስዎን ቤት ማን መልሶ ያየዋል?»

«ከተነገረስ? የሰው ሳጥን ነካ ብለው የናንተን ይወስዱታል። ትናንት ያ ልጅ ሲናገር ጆሮዬ አልተዘጋም። የናንተ ከተወሰደ እኔ ሰርቪሱን የት አገኛለሁ? አብረን ጎዳና ልንወጣ?» ድምፃቸው ተቆጣ፤ ወዲያው መልሶ ረገበ። «ደግሞስ እሱ ማወቅ የለበትም። ሰውየው ያለችው ያቺ ሰዓት ናት። በእመቤቴ ይዤሻለሁ። ሂጂ፣ የራሳችሁን አስተካክዪ። ቀትር ደረሰ።»

ሉባባ ተነሣች።  ሴትየዋ ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። ልክ የሆነ ነገር ደግሞ ከጧት ጀምሮ አስጠልቷታል።

ሥራው አንድ ቁጥር ነበር። ያን ሁሉ ገመድ፣ ያን ሁሉ ጣራ፣ ያን ሁሉ እርግማን፣ አንድ ቁጥር። አምስቱን አሥራ አንድ አደረገችው። ሳጥኑ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው እህ እህ አለና «ሰዓቱ ተስተካክሏል፤ እናመሰግናለን» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ በንጹሕ አማርኛ።

እንድሪስ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው አልሽው?»

«ያው ነው፣ አባ።»

«ያው ከሆነ ተስተካክሏል ለምን አለ?»

ሉባባ ሳጥኑን ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች። ገመዱን ጠቀለለች። ደግማ ፈታችው፣ ደግማ ጠቀለለችው።

«ሉባባ።»

«አቤት» አለች።

 እንድሪስ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ይህችን ቃል ከዚህች አፍ ለመስማት ስንት ዘመን ደክመዋል፤ አሁን ሲሰሟት የበሩን መቃን ያዙ። ከእሷ አፍ ይህ የወጣው ሌላ የሚባል ነገር ጠፍቶ መሆኑን ለመረዳት ከአባትነት በላይ ዕውቀት አልጠየቃቸውም። ቀስ ብለው መጥተው ሳጥኑን አዩ። አሥራ አንድ ይላል። ሰዓታቸውን አዩ። አምስት።

መናኸሪያ የኖረ ሰው ናቸው። በፈረንጅ ሰዓት ትኬት የቆረጠ ስንት መንገደኛ አውቶቡስ አምልጦት ፊታቸው አልቅሷል።

«በአማርኛ ጠየቀኝ» አሉ በዝግታ። «በአማርኛ መለስኩለት።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«ሦስት ሰዓት ነበር።»

«ሦስት ሰዓት ነበር።»

እንድሪስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ የሚያደርጉ ይመስላል። ሉባባ ጠጋ ብላ ስትሰማ ግን የሚሉት ስም ነው። የሺ። ያሲን። አስካለ። የዳቦ ቤቱ ልጅ። እነዚያ አዲስ ሙሽሮች። ቁልቁል በየቤቱ እየቆሙ፣ እንደገና እያንኳኩ፣ እስከ ታች ወረዱ። ሲጨርሱ ተነሡና ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ሰማያዊ የመናኸሪያ ካፖርታቸውን አወረዱ።

«ወዴት ነው?»

«ጥሪ ቤት።»

«ሄደህ ምን ልትላቸው?»

«አቤት ልላቸው።»

«አባ፣ ቤቱን ይወስዱታል። የሰው ሳጥን የነካ…»

«ሰምቻለሁ። ለልጁ ውሃ ስቀዳ መስኮቱ ክፍት ነበር። ያኔ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ መስሎኝ አዝኜለት ነበር።» አንድ እጃቸው ካፖርቱ ውስጥ ተሰነቀረ፤ ሉባባ ሳታስበው ያዘችላቸው።

«እስከ ቀትር ቆይ እሺ። አረንጓዴው ይብራልንና ከዚያ…»

«መስሪያ ቤት ለምሳ ይዘጋል» አሉ እንድሪስ፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ። በስምሪት ክፍል ድምፃቸው ነበር የተናገሩት፤ ለዚያ ድምፅ መልስ ሰጥቶ የሚያውቅ ሾፌር አልነበረም።

ሉባባ ጫማዋን አደረገች። ልታስቀራቸው እንደማትችል ታውቃለች፤ ብቻቸውን እንደማትለቃቸውም ታውቃለች። ሁለቱ ተደማምረው የሚሰጡት ያው ዳገት መውረድ ነው።

ግቢው ውስጥ እትዬ የሺ ካፖርቱን አዩና ከበርጩማቸው ተነሡ። ወደ ሉባባ እንደ ጦር የሾለ ዓይን ወረወሩ።

«እኔ አልነገርኩትም» አለች ሉባባ። «ሳጥኑ ነው ያቃጠረብኝ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ወዴት ነው እንዲህ ለብሰህ?»

«ቤትሽን ላመጣልሽ» አሉ እንድሪስ፣ ሳያዩዋቸው።

«ቤቴን በኪስህ ልታመጣ? እኔ ሳልኖር የትኛው እንደሆነ በምን ታውቀዋለህ?»

«የሺ፣ እኔ ነኝ እኮ…»

«አውቃለሁ የሆንከውን። ዝም በል። ነጠላዬን እስክደርብ ቁም» አሉና ወደ ሰርቪሱ ገቡ። ሲወጡ ነጠላቸውን ደርበው፣ ፊታቸውን ታጥበው ነበር። በርጩማውን አንሥተው ከሰርቪሱ ጣራ ሥር አስገቡት፤ ዝናብ ቢመጣ እንዳይመታው።

ሉባባ ውጫዊውን በር ቆለፈች። ቢጫው ከራሷ በላይ ይበራል። ሦስቱ በኮብልስቶኑ ቁልቁል መንገዱን ያዙ፤ ሁለቱ አዛውንቶች እየተደጋገፉ፣ እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ቢወድቁ ለመያዝ። ያሲን ሲሰፋበት የነበረውን በር አለፉ። ቀይ። የመምህርት አስካለን በር አለፉ። እሱም ቀይ። እንድሪስ በየበሩ ሲደርሱ አንገታቸውን ይሰብራሉ፤ እትዬ የሺ ክንዳቸውን ጎትት ያደርጉና ያስኬዷቸዋል።

ማጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቀትር ሆነ።

ከላይ፣ ከኋላቸው፣ ከተቆለፈው ቤት ውስጥ፣ ክፍት በቀረው መስኮት በኩል፣ የአቶ እንድሪስ ሙሄ ድምፅ ጎላና ረጋ ብሎ «አቤት» አለ። በሩ ላይ ቢጫው ጠፍቶ አረንጓዴ በራ። ቤቱ ሰው እንዳለው ተረጋገጠ።

ከግንቡ ማዶም፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ በስሱ «አቤት» አለ። የዚያኛው መብራት አልተለወጠም።

እንድሪስ ቆም አሉ። «ማን ጠራኝ?»

«አንተን አይደለም፣ አባ» አለች ሉባባ። «ቤቱን ነው።»

እትዬ የሺ ግን ዞር ብለው ወደ ዳገቱ ጮኹ። «መጣሁ! ትንሽ ታገሰኝ፣ መጣሁ!»

ከዚያ ነጠላቸውን አጠበቁና፣ ጥሪ ቤቱ ለምሳ ሳይዘጋ ለመድረስ፣ ፈጠን ብለው ወረዱ።